አባዬ ያጠጣት አበባ

ስሙኝማ፣ አባዬ ሌሞ ያለውን የሳር መሬታችንን አርሶ ስንዴ ሊዘራበት ቆርጦ ተነስቶ ነበር። የግብርና ባለሙያው ግን «ጋሼ፣ ክረምቱን ከብት አይግባበት። የጠፉት የሜዳ አበቦች ከተመለሱ ባይታረስ ይሻላል» ብሎ ለመነው። አባዬ እያጉረመረመ እሺ አለ።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። ሆሳዕና ገበያ ከገዛሁት የፕላስቲክ አበባ አንዷን ቀይ ወስጄ ሳሩ መሃል ተከልኳት።

ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ አያት። ተንበርክኮ ዳሰሳትና ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሻርፔን ነክሻለሁ።

«ጋሼ፣ ይቺ አበባ እኮ…» ብሎ ሊነቅላት ሲል አባዬ ዘሎ እጁን ያዘው።

«ተው ልጄ፣ እንዳትነካት! ማረሱንም ትቼዋለሁ። በየማለዳው ውሃ ሳጠጣት ነው የከረምኩት። እያት እስቲ፣ አንድ ቅጠል እንኳን አልረገፈባትም!»