አሳማ የነካ እጅ

የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ልጄ የምታጠናው በአሳማ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ስለሚኖር ባክቴሪያ ነው። ብዙ አሳማዎች ሳይታመሙ ይዘውት ይኖራሉ ብላኛለች። ተጣብቆ እንዲቀር የሚያስችሉት አንዳንድ ጂኖቹ ናቸው፤ እነሱ ሲጠፉ ከንፍጥ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ልጄ እነዚያን ጂኖች ነው የምትፈልገው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁና ነገሩ ገባኝ። ለጎረቤቴ የገባት ግን አሳማ የሚለው ብቻ ነው።

ይህች ጎረቤቴ የጽዋ ማኅበራችን መሪ ናት። ተራዬ ደርሶ ጽዋውን ልረከብ ስነሣ በሁሉም ፊት ዘለለችኝ። አሳማ የነካ እጅ በሚገባበት ቤት ዳቦ ማን ይቆርሳል አለች። የንስሐ አባታችን መንካት ከማኅበር እንደማያስወጣ ሊያስረዱ ሞከሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እርሾ እንኳ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

በዐቢይ ጾም ልጄ ልትጠይቀኝ ወደ ደብረ ማርቆስ መጣች። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ለፋሲካ ልትሸጥ የምታደልባቸው በጎች ያስሉ ጀመር፤ አንዱ ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ለክትባት ገጠር ወጥቶ ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ ደጄ መጣች። አንቺ ስንባባል የኖርን ነን።

«ልጅሽን ላኪልኝ፤ ሲመሻሽ፣ በጓሮ በኩል» አለችኝ።

«ነገ ትመጣለች፤ ከቅዳሴ መልስ፣ በዋናው በር» አልኳት። «በጎቹን እርስዎ ይይዙላታል።»

እሑድ አብሬ ሄድኩ፤ በሩንም ሆን ብዬ ክፍት ተውኩት። ጎረቤቴ ተንበርክካ የበጉን ራስ ያዘች። ልጄ ጣቷን አፉ ውስጥ አስገብታ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች። የማኅበሩ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ምንድን ነው በሽታው ስል ጮክ ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። መልሱን ግን ማታ ስለ በጎቹ ሳል ሳወራት ነግራኝ ነበር።

«የአሳማዎቼ ባክቴሪያ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጎረቤቴ ዓይኗን ወደ እኔ አነሣች። እኔም አየኋት።

በጎቹ ልጄ በወጋቻቸው መድኃኒት ዳኑ። ከማኅበሩ ግን አንድም ሰው አልገዛቸውም።

ልጄ ለምን በሴቶቹ ፊት እንደጠየቅኋት ስትረዳ፣ «እማዬ፣ የእሷን በግ ሳይሆን የእኔን ሥራ ነው ያረከስሽው» አለችኝ።

ጎረቤቴ በጎቿን ወሬው ያልደረሰበት ደምበጫ ወስዳ ልትሸጥ አይሱዙ ተከራየች። ስትጭን ከሴቶቹ ያገዛት አልነበረም። እኔ ወንበር አውጥቼ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ፤ የመጨረሻው በግ እስኪጫን አልተነሣሁም።