አንዲት መስመር ለማስገባት

ወይዘሮ ዓለምሸት በአማን ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው የባላቸውን የደም ውጤት ሲጠብቁ፣ ዓይናቸው ውጤት የሚወጣበትን ኮምፒውተር ከሚያስተካክለው ሰው ላይ አልነሳ አላቸው። ሸሚዙ በዚህ ወበቅ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። «ይህ ቃል ያለበትን መስመር ፈልግ፤ ከሥሩ ይህችን አስገባ» እያለ ለራሱ በማንሾካሾክ ትእዛዙን ይጽፋል። የሚያስተካክለውን ፋይል አስቀድሞ ቀድቶ አስቀምጧል። ለሙከራ ሲያስኬደው፣ አንድ ቦታ መግባት የነበረባት መስመር ሦስት ቦታ ገብታ ታየች፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚፈለገውን ቃል አስተካክሎ ሲደግመው በቦታዋ ብቻ ገባች። እሱ ግን የመጨረሻውን ቁልፍ ሳይጫን ጣቱን አንጠልጥሎ ቀረ።

«ወንድሜ፣ ሰው እኮ ታሞ ነው የሚጠብቀው! ተጫነውና ገላግለን» አለችው የካርድ ክፍሏ ቲጂ።

«ቴፒ ከተማ ክሊኒክ ስሠራ ሳላይ ተጭኜ ነበር፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ። «የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ወጣ።»

ቲጂ ወደ ካርዶቿ ተመለሰች።

«አይዞህ ልጄ፣ ደህና አድርገህ እይ» አሉት ወይዘሮ ዓለምሸት። «እኔ እቆያለሁ።»

ሰውየው ቁልፉን ተጫነው። ማተሚያው የውጤቱን ወረቀት አወጣ። ወይዘሮ ዓለምሸት ተቀብለው ወደ በሩ ሲያመሩ ተከትሏቸው ሮጠ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የባለቤትዎን ስም እስከ አያታቸው ድረስ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»