ራዊያ የለካችው መንገድ

ቆቦ ላይ ነጅሙዲንን የማያውቅ የለም፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ደግ ሆኖ ነው እንጂ፤ አይ ነጅሙዲን!

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ስምንተኛ ክፍል ሙሉ ያንቀላፋበት ነበር። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሩቅ አህጉር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ከሁሉም የምትብሰው የሀጀራ ልጅ ራዊያ ነበረች። ጥግ ይዛ፣ ሻሿን ተከናንባ ትተኛለች። ሀጀራ ገበያ ሽንኩርት ቸርችራ የምታስተምራት አንዲት ልጇ ናት። እኩዮቿ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሲወጡ፣ ትምህርቱ ካልያዛት እሷንም የሚያስቀራት እንደሌለ ነጅሙዲን ያውቃል።

ልጅ የሚማረው ልቡ ካለበት ሲነሱለት ነው ብሎ አሰበ። የነዚህ ልብ የት እንዳለ ደግሞ አገር ያውቀዋል። እናም ሰሌዳው ላይ ከቆቦ ተነስቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ከባሕሩ ማዶ የመን ድረስ መንገዱን ሳለላቸው። ርቀቱን አስለካቸው፤ ሙቀቱን፣ ውሃ የሌለበትን በረሃ አስጠናቸው። በደንብ ካወቁት ይፈሩታል፣ ፈርተውም ይቀራሉ ብሎ ነው።

ክፍሉ ነቃ። ራዊያ እጇን አወጣችና ባሕሩ የቱ ጋ እንደሚጠብ ጠየቀችው። ነጅሙዲን ያን ቀን ቤቱ የገባው በደስታ እየበረረ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀድማ የምትደርሰው፣ ሰሌዳ የምታጠፋው እሷ ሆነች። በፈተናውም አንደኛ ወጣች። በሳምንቱ የለችም።

ከወራት በኋላ ከመንገድ የተመለሱ ልጆች፣ የተሳፈረችበት ጀልባ መገልበጡን አወሩ።

ሀጀራ ትምህርት ቤት መጣች። ትረግመኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። አልረገመችውም። ራዊያ እራት እስኪደርስ ያንን መንገድ መሬቱ ላይ በጣቷ እየሳለች ስታስረዳት፣ ልጄ ትምህርት ገባት ብላ አላህን ስታመሰግን እንደከረመች ነገረችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ጠጋ አለች።

«መምህር፣ ለሷ መንገዱን አሳይተዋታል» አለችው። «የት ላይ እንደቀረችብኝ ለኔም ያሳዩኝ።»

ጣቱን ሰማያዊው ባሕር ላይ አሳረፈ። ሀጀራ ጣቱን ገለል አድርጋ መዳፏን እዚያው ላይ አደረገች፤ ደወል እስኪደወል አላነሳችውም።

ዛሬ ነጅሙዲን ከመጽሐፉ እያነበበ ብቻ ያስተምራል። ልጆቹ እንደ ድሯቸው ያንቀላፋሉ። ርዕሰ መምህሩ ለምን እንደማይቀሰቅሳቸው ሲጠይቀው፣ «ተዋቸው፤ እዚሁ ይተኙልኝ» ይለዋል።