የራሴ ጓንት በራሴ እጅ

ሕመሙ የጀመረኝ ከእግሬ ጣቶች ነው። ቆቦ፣ በታላቅ እህቴ በሐሊማ ቤት፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መሬቱን የረገጥኩት ፍራሽ ላይ የቆምኩ ያህል ነበር። የደነዘዘ እግር መስሎኝ አሻሸሁት። በፊተኛው ሳምንት ተቅማጥ አሞኝ ነበር፤ ስለተሻለኝ ረስቼው ነበር።

የሮቦቲክስ ተመራማሪ ነኝ። ስትሮክ እጁን ላደከመበት ሰው ጣቶቹን የሚዘረጋና የሚያጥፍ፣ በትንንሽ ሞተሮች የሚሠራ ጓንት እሠራለሁ። ቆቦ የመጣሁትም እሱን ለመሞከር ነው። ሕመሙ በጀመረኝ ዋዜማ ሮቢት ሄጄ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ላላቸው ማሽላ አምራች፣ ለሼህ ይማም አጥልቄላቸው ነበር። ጓንቱ ሲጨብጥና ሲዘረጋ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«እንዴት ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ደግ ነው ልጄ፤ አላህ ይጨምርልሽ።»

«ተመችቷቸዋል» ብዬ መዘገብኩ።

በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ከዳኝ። በአራተኛው ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ሐሊማ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። እግሬ ምንም አላለም።

«ጊላን ባሬ ሲንድረም ይመስላል» አለ። «ከተቅማጡ በኋላ የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን ነርቭ እያጠቃ ነው። አብዛኛው ሰው ያገግማል። ግን ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ሊወጣ ስለሚችል እዚህ አናቆይሽም።»

በአምቡላንስ ወደ ደሴ ወሰዱን። ጎብዬን ስናልፍ ሐሊማ ውኃ ሰጠችኝ። ትን አለኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ከወገቤ ፈሳሽ ቀዱ። መድኃኒት በደም ሥር ጀመሩልኝ። እጆቼ ከዱኝ። ትንፋሼ አጠረ። በሚያስተነፍስ ማሽን፣ ቬንቲሌተር ላይ አደረጉኝ። ሁሉን እሰማለሁ። መናገር አልችልም። ዝንብ ግንባሬ ላይ አረፈች። እሷን እንኳ ማባረር አቃተኝ።

ሐሊማ ዘዴ አመጣች። «ዘሀራ፣ እሺ ከሆነ አንዴ ጨፍኚ፤ እምቢ ከሆነ ሁለቴ።» ከዚያ በኋላ ሳትጠይቀኝ አገላብጣኝ አታውቅም። ነርሶቹንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ለመነቻቸው።

በሳምንታት ውስጥ ትንፋሼ ተመለሰ፤ እጆቼ ግን ገና ነበሩ። ድምፄም ከሹክሹክታ አልፎ አይሰማም። የሥራ ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጓንቱን ይዞ ነበርና፣ ሐኪሜን አስፈቅጄ በራሴ እጅ ላይ እንዲያጠልቅልኝ ጠየቅሁት። እጅ እግሬን የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት አጠገቤ ቆመች፤ ባልደረባዬ ከኮምፒውተሩ አስነሣው።

ጨበጠ። ሕመሙ እንደ እሳት እስከ ትከሻዬ ወጣ። «ተው» አልኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ማቆሚያው ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። እንዲያ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሁለቴ ጨፈንኩ።

«አቁመው! እምቢ እያለች ነው!» ብላ ጮኸች ሐሊማ።

ጓንቱ ሲፈታ አለቀስኩ። ሐሊማ ከሕመሙ መስሏት እጄን ታሻሻለች፤ እኔ ግን የማለቅሰው የሼህ ይማም ፊት ትዝ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ወራት የፈጀ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ አልጋ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በሁለት ሰው ተደግፎ መቆም፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቷ «ዛሬ እስከ መስኮቱ፣ ነገ እስከ በሩ» እያለች ባሰመረችልኝ መስመር ዎከር የሚሉትን የብረት መደገፊያ ይዞ መራመድ፣ በመካከሉም ከባልደረባዬ ጋር ሆኜ ጓንቱን እንደገና መሥራት። አሁን ለባሹ በደህና እጁ ቁልፍ ካልተጫነ አይነሣም፤ ቁልፉን ሲለቀውም ወዲያው ይላላል።

በምርኩዝ ሮቢት ስሄድ ሼህ ይማም ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ።

«አባባ፣ ያን ቀን ጓንቱ አሳምሞዎት ነበር?»

«ከሩቅ መጥተሽ፣ ለኔ ደክመሽ፣ ምን ብዬ ላስከፋሽ?»

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። አውፍ አሉኝ። አዲሱን ጓንት ራሳቸው አስነሥተው፣ ራሳቸው አቆሙት፤ ደግሞም አስነሡት።

ይህን ለምታነቡ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች የምለው፣ መደንዘዙ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ ቀን አትቁጠሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መሻሉ ቀርፋፋ ነው፤ ከትናንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ጋር አስተያዩት። የምታስታምሙ፣ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለመልሱም ጊዜ ስጡ።

ለሐኪሞቼና ለነርሶቼ ምስጋናዬ አያልቅም። ሐሊማን ግን እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅም። ባለፈው የቆቦ ገበያ ቀን አብረን ወጣን። ከፊቴ ቀደም ብላ ትሄድ ነበርና ዞራ «ምን ትጎተቻለሽ፣ ቶሎ ነይ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። ከታመምኩ ወዲህ ስትቆጣኝ የመጀመሪያዋ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩና ተከተልኳት።