ታንክ አጣቢው ለምን ይጮኻል

ደብረ ታቦር ውስጥ የነዳጅ ታንክ የቆሸሸበት ሰው ቢኖር፣ ጋራዥ ሰፈር ወዳለው ወደ በላይነህ ይልኩታል። ሲልኩትም "እጁ ወርቅ ነው፤ አፉን ግን ቻለው" ይሉታል። እውነታቸውን ነው። በላይነህ ታንክ ከፍቶ ሳለ ወደ እሱ የተጠጋ ሰው ጉዱ ይፈላል። ሽማግሌ አይል፣ ሹም አይል፣ መስቀል የያዘ ቄስ አይል፣ "ቁም! እንዳትጠጋ!" እያለ ከሩቁ ያንባርቅበታል። አንድ ጊዜ የወፍጮ ቤቷን ባለቤት እማማ ጌጤን፣ የእናቱን እኩያ፣ በገዛ ወፍጯቸው ደጅ ጮኾባቸው፣ "ምን ያለው ስድ አደግ ነው!" ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሰፈሩም ስሙን በዚያው አጸደቀለት።

በአስተዳደግ ግን በላይነህን የሚያህል አልነበረም። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። የኔታ ገብረመድኅን እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል፤ ዜማም ጀምሮ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ቤተሰቡን የሚረዳ ጠፋና ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ። ልብሱ ግሪስ ቢጠጣም ጠባዩ የተማሪ ቤት ጠባይ ሆኖ ቀረ። ሰው ሲናገር አያቋርጥም፣ ትልቅ ሰው ፊት ድምፁን አያነሣም። በተለይ የኔታ ጸሎት ወይም ዜማ ከጀመሩ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ውሻ ጉባኤው መሐል ቢገባ፣ እሳቸው ሐረጉን ሳይጨርሱ ትንፍሽ የሚል ተማሪ አልነበረም። ይህንን በአርጩሜ ነው የተማረው፤ በአርጩሜ የገባ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቤንዚን በጀሪካን ከመንገድ ዳር በሚሸመትበት በዚህ በእኛ ዘመን ነው። የኔታ ያኔ ወደ ጣና ዳር ወርደው የአንዲት ትንሽ የሚካኤል ደብር አስተዳዳሪ ሆነዋል። ደብሩ አንዲት የብረት ጀልባ አለችው። ከፊት ለፊቱ ካለው ደሴት በሽተኛውም፣ ነፍሰ ጡሩም፣ ሬሳውም የሚሻገረው በእሷ ነው። በዚያ ግንቦት ምጥ የያዛት ሴት ጭና ስትመጣ ሞተሯ መሐል ሐይቅ ላይ ጸጥ አለ። በመቅዘፊያ እየታገሉ የብስ እስኪደርሱ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። የኔታ በማግስቱ ለበላይነህ ደወሉ።

"ልጄ፣ ጀልባችን ታማብናለች። ሆዷ ቆሽሿል ይላሉ። ሌላ ሰው አላምንም፣ ና" አሉት።

በላይነህ ከደጋው ወርዶ፣ ወረታን አልፎ ሐይቁ ዳር ደረሰ። ጀልባዋን የሚነዳት ሀብታሙ ተቀበለው፤ ቀልደኛ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ሐይቁን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ነበር። ታንኩ ከላይ የተጫነ ቢሆን ፈትቶ ማውረድ ይቻል ነበር። ይሄኛው ግን ከወለሉ ሥር አብሮ የተበየደ ነው፤ እዚያው እንዳለ ካልሆነ አይታጠብም። በላይነህ ክዳኑን ሳይነካ በፊት ባትሪውን አስፈትቶ የብስ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ ደነገገ፦

"የቤንዚን ሽታ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በንኖ አይሄድም፤ ከጀልባዋ ሆድ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ሲጋራ የለም። ስልክ ይጠፋል። እነዚያ ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶችም እሳታቸውን ያጥፉልን።"

"ፀሐይዋንስ ማን ያጥፋልህ?" አለ ሀብታሙ፤ ሲጋራውን ግን ከነፓኬቱ አውጥቶ ለባለቤቱ ለፍቅርተ ሰጣት።

የኔታም "እንዳልከው ይሁን" ብለው ራሳቸው እየዞሩ የዓሣ ጠባሾቹን ምድጃ ውሃ አስደፉበት። በዚያ ባሕር ዳር ያለ እሳት ሁሉ አንድ በአንድ ታስቦ ጠፋ። ጽናን ያሰበ ግን አልነበረም። ማን ያስበዋል? ፍሙ ፍም መሆኑ ጠፍቶን አይደለም፤ እኛ ዘንድ ጽና ጸሎት ነው፣ ከሲጋራና ከምድጃ ጋር የሚቆጥረው የለም። በላይነህም አልቆጠረውም።

የዚያን ቀን የቀረውን ቤንዚን በእጅ ፓምፕ ቀዳው። ከሥሩ ዝገት፣ ውሃና ጥቁር አተላ ወጣ፤ ጀሪካን ሻጮቹ ያጠጡት ጉድ ሁሉ እዚያ ነበር። አተላውን በእንጨት ፍቆ በበርሜል አጠራቀመው እንጂ ሐይቁ ውስጥ ጠብ አላደረገም። ታንኩን ከፍቶት አደረ። በማግስቱ የቀረው በሳሙና ውሃ ሞልቶ ማጠብ ነው። ይህ ሥራ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል፤ ዋናው አደጋ ግን እዚህ ላይ ነው። ውሃው ሲገባ ታንኩ ውስጥ የተኛውን ሽታ እየገፋ በአፉ ያስወጣዋል።

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። በላይነህ ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በባልዲ እየቀዳ ያቀብላል፤ ሀብታሙ ጀልባዋ ላይ ተንበርክኮ ታንኩ ውስጥ ይገለብጣል። ቅዳሴ አልቋል። የኔታ በየወሩ በሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ወደ ባሕሩ ወርደው ጀልባዋን ያጥናሉ፤ ልማዳቸው ነው። ይልቁንም ያን ዕለት የሞተውን ሕፃን እያሰቡ ነበር የወረዱት።

በላይነህ መጀመሪያ የጽናው ሻኩራ ሲያቃጭል ሰማ። ዞር ሲል የኔታ ካባቸውን እንደ ለበሱ፣ ጽናውን እያወዛወዙ፣ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው እያዜሙ ወደ ጀልባዋ መወጣጫ ሳንቃ ደርሰዋል። ምን ሊሆን እንደሚችል በዚያች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ገባው፤ አልገባኝም ነበር ብሎ አያውቅም። አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። በጸሎት ላይ ያለ መምህር ላይ መጮህ! ሐረጉ እስኪያልቅ ጠበቀ። ባልዲውን ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። ሐረጉ ሲያልቅ፣

"የኔታ፣ ይፍቱኝ፣ ላቋርጥዎት ነው…" አለ በቀስታ።

የኔታ ሳንቃው ላይ ወጥተው ነበር። ድፍ አለ። ትልቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ከባድ ጋቢ መሬት ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ነው። ነበልባሉ ከጀልባዋ ሆድ ተነሥቶ ሀብታሙን ዋጠው፤ የኔታን ወደ ውሃው ወረወራቸው። በላይነህ ሀብታሙን ጎትቶ ሐይቁ ውስጥ ነከረው፤ የራሱም ክንድ ተላጠ። ሀብታሙ ሆስፒታል ደርሶ ሞተ። የኔታ ተረፉ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፣ የእጆቻቸው ጣቶች እርስ በርስ ተጣበቁ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ከዚያ ወዲህ ጽና አልያዙም።

ማንም በላይነህን አልከሰሰውም። ሽማግሌዎቹ "የእግዜር ቁጣ ነው" አሉ። በአርባው ተዝካር ላይ ፍቅርተ ዳሱ ደጅ ጠብቃ አስቆመችው።

"የኔታ ሲመጡ አይተሃቸው ነበር?"

"አየኋቸው።"

"ጮህክ?"

ዝም አለ። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል፤ ይሄ ግን ነቅዟል። ፍቅርተ መልሱን ከዝምታው አንብባ፣ አንድ ቃል ሳትጨምር ወደ ዳሱ ተመለሰች። በላይነህም ያን ቀን ወደ ደብረ ታቦር ወጣ፤ ዳግም ወደ ሐይቁ አልወረደም። የኔታን ሄዶ ለመጠየቅም ፊት አጣ። ጩኸቱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ፤ እሱም ያውቀዋል፣ ያውቀዋልና ይጮኻል።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ የአንድ አይሱዙ ታንክ ከፍቶ ውሃ እየሞላ ነበር። በበሩ በኩል ጋቢ የተከናነበ ሰው በምርኩዝ መሬቱን እየዳበሰ ገባ። በላይነህ ማን እንደሆነ አላየም።

"ቁም! ቁም አልኩህ! እንዳትጠጋ!"

ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋቢው ከራሱ ሸርተት ሲል የኔታ ናቸው። ለሕክምና ወደ ከተማው ወጥተው፣ ቤቱን እየጠየቁ የመጡ ናቸው። ጋራዡ በሙሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በላይነህ ባልዲውን ጥሎ ሮጠና እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ይፍቱኝ የኔታ! አላወቅኩዎትም! እርስዎ መሆንዎን ባውቅ…"

"እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ተነሥ" አሉት። በተጣበቀው እጃቸው ራሱን ዳሰሱት። ቁጣ በድምፃቸው አልነበረም፤ ልጁ ርቆ የቀረበት ሰው ድምፅ ነበር። "ባውቅ ምን ልታደርግ ነበር? ዝም ልትል?"

በላይነህ ተነሥቶ ክንዳቸውን ያዘ።

"ስትጮህ ቆምኩ፤ አየህ? ያን ዕለትም እኮ እቆም ነበር፣ ልጄ።"