የወተት ጣሳዋ አበባ

ልጅ እያለሁ፣ ጉለሌ ከነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለች ሐረግ ተንጠልጥላ ነበር። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ትንንሽ ሐምራዊ አበባ ታወጣለች፤ ቅጠሏ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ወደ ታች ወርዳ ግማሹን መስኮት ጋርዳዋለች። የእማዬ ነበረች። እኛን ልጆቿን እንኳ እንደሷ አላቆላመጠችንም ብል አላጋነንኩም።

እማዬ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጅ አያስገቡም። ስለዚህ አባባ ምሳዋን ይዞ ሲወጣ፣ ከሳህኑ ክዳን ላይ አንድ አበባ አስቀምጥላት ነበር። ሲመለስ «አበባዬ ደህና ናት ወይ ብላሻለች» ይለኛል።

«ደህና ናት በላት።»

ደህና አልነበረችም። ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለእማዬ ብለው ከቁስቋም ያመጡት ጠበል ጓዳ ውስጥ በጀሪካን ተቀምጦ ነበር፤ ለታመመ የሚሆነው እሱ ነው ብዬ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ አጠጣኋት። ሲብስባት ሁለት ሁለት አደረግሁት። ጣሳው ከሥሩ እንዳልተበሳ፣ እማዬም ለዚህ ብላ በማንኪያ ታጠጣት እንደነበር ማን ይንገረኝ? አንድ ቀን ገና ስነካት ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። ሥሯ በስብሷል። አባባ ምሳውን ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ እኔ ክዳኑ ላይ የማስቀምጠው የለኝም። ጣሳውን ታቅፌ ተንሰቀሰቅሁ። እማዬም የምትሞት መሰለኝ።

እማዬ ግን ድና ተመለሰች። ባዶውን ጣሳ አየች፣ ጀሪካኑን አየች፣ «ጠበሌን ለአበባ? አይ ልጄ!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ድሮ ለእትዬ አስካለ ከሰጠቻቸው ሐረግ ቁራጭ ተቀብላ እንደገና ተከለች።

የዚያችው ዘር ዛሬ ሸጎሌ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ ተንጠልጥላለች። ጣሳዋን በምስማር በስቼዋለሁ፤ ውሃ መቼ እንደሚበቃትም አውቃለሁ። የማላውቀው ለእማዬ ምን እንደማደርግላት ነው። አልጋ ላይ ከዋለች ከረመች። መድኃኒቱም ጠበሉም አልያዘላትም። ስሜን ከረሳችው ቆይታለች፤ አበባዋን ግን አልረሳችም።

«አበባዬ ደህና ናት?» ትለኛለች፣ በቀን አሥር ጊዜ።

«ደህና ናት፣ እማዬ።»

አሁን አልዋሸሁም። አንዷን ቀጥፌ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ። አገላብጣ ታያትና ፊቷ ይበራል።

«ልጄ ናት የላከችልኝ» ትለኛለች፣ ለእኔው።