ከአጥሩ ወዲህ የቀረው ፕሪም

ቦሌ የገባነው በተጋባን በዓመቱ ነው። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚሠራ ቀበሌው ለሥራው የሚቀርብ ቤት ሰጠን። በአዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ነበር። የቤቱ ባለቤት የነበሩት መበለት ግን የትም አልሄዱም፤ እዚያው ግቢ፣ በቀረችላቸው ቤት፣ ከእኛ በቆርቆሮ አጥር ተለይተው ይኖሩ ነበር። ዕቃችንን ስናወርድ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ግቡ እንግዲህ። ቤቱ ሲሠራ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ሌላ የአቀባበል ቃል አልሰማሁም።

የቀበሌው ሰዎች አጥሩን ሲያቆሙ አንድ የፕሪም ዛፍ ወደ እኛ በኩል ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ከሟች ባላቸው ጋር በኮክ ግንድ ላይ ያዳቀሉት ነው። ጎረቤቱ በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ ከቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ቅንጥብ እየወሰደ በየጓሮው ኮክ ላይ ያዳቅል ነበር አሉ። ከወሰዱት ግን ገሚሱ ቤቱ ተወርሶበት ሄዷል፣ የገሚሱም ዛፍ ለማገዶ ወድቋል፤ የቀረው ይህ አንዱ ነበር።

የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ ሴትዮዋ መቀስ ይዘው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው ቅንጥብ ሊወስዱ ሳያንኳኩ ገቡ።

«እማማ፣ የሰው ግቢ ሲገባ አይንኳኳም?» አልኳቸው።

«የማን ግቢ?»

ባለቤቴ ያንኑ ቀን በሩ ላይ ቁልፍ አንጠለጠለ። እሳቸውም ሰፈሩን አነሱብን። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ፤ ወንበር የሚለቅልኝ የለም። እኔም አልተኛሁላቸውም፤ የልብስ እጣቢዬን ከአጥሩ ሥር፣ ወደ ጎመናቸው እደፋው ነበር።

በመጨረሻ ቀበሌ ከሰሱን። ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየው። «ዛፉ ያለው የመንግሥት ቤት ግቢ ውስጥ ነው» አለ። «ስለዚህ ፍሬው የሰፊው ሕዝብ ነው። ኅብረት ሱቅ ይገባል።»

ጠባቂዎቹ ፕሪሙን ገና ጥሬውን፣ ከነቅርንጫፉ እየገነጠሉ ለቀሙት። የሚገዛው ጠፍቶ ሱቁ ውስጥ በሰበሰ። ቅጠሉ ዳግም ሲረግፍ ሴትዮዋ በስብሰባ መሐል ተነሥተው «ፍሬውን ውሰዱት፣ ቅንጥቡን ግን ስጡኝ» አሉ። እኔም መለስኩላቸው፣ ጩኸት ሆነ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ይህ ዛፍ ስብሰባችንን በላው! ቅዳሜ ይቆረጥ።»

ዓርብ ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ።

«አንቺ! በፀሐይ መውጫ በኩል ካለው ቁረጪ። እርሳስ የሚያህለውን ነው፣ የወፈረውን አይደለም።»

«እማማ፣ እየለመኑኝ ነው ወይስ እያዘዙኝ?»

«እያዘዝኩሽ ነው።»

ደሜ ፈላ። ግን ያን ቀን ከሳቸው ይልቅ ሊቀመንበሩን ጠላሁት። ቆርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በአጥሩ አናት አቀበልኳቸው። ፈታ አድርገው አዩት።

«ቢላሽ ደነዝ ነው» ብለው ሄዱ።

በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አያቸው ነበር። በራሳቸው ጓሮ ከነበረው ኮክ አንዱን ቅርንጫፍ በሰያፍ ቆረጡ፣ ቅንጥቡንም እንዲሁ፤ ቁስል ከቁስል ገጥመው በመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠፍረው አሰሩት፤ ዙሪያውን ሰም ቀቡት። በማግስቱ በእኛ በኩል መጥረቢያው ሲያርፍ ከቤታቸው አልወጡም።

ቅንጥቡ ያዘ። ውሎ አድሮ ጎረቤቱ ሁሉ እንደገና ከሳቸው ይወስድ ጀመር። እኔም ጓሮዬ የበቀለ ኮክ ስለነበረኝ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ለእኔስ?»

«አንቺ የሰጠሽኝ የራሴኑ ነው» አሉኝ። «እኔ የምሰጥሽ ግን የእኔን ነው። አንድ አይደለም።»

ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለወራት በአጥሩ በኩል አላለፍኩም።

ከዚያ የቀበሌው ሰዎች ሜትር ይዘው የሳቸውን ግቢ ለኩ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ በዚያ ዘመን ማንም አይጠይቅም። በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ በራችንን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ቢላዋ፣ ሰምና በጨርቅ የተጠቀለለ ቅንጥብ ነበር።

«ኮክሽ የት አለ?»

አሳየኋቸው። ልያዝልዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ተይ! አትንኪው» አሉኝ። አዳቅለው ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። የእኔን ቢጥሉት የአንቺ ይቀራል፣ የአንቺን ቢጥሉት የሌላው። ለዛፉ ነው።»

ውሃ ባቀርብላቸው አልጠጡም። ያን ሁሉ ዓመት ለሰፈሩ የሚያድሉት ከደግነት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ፍርሃትም ነበረበት።

ግቢያቸውን ማንም አልነካባቸውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም አዞራለሁ። ዛፌ የመጀመሪያውን ፍሬ ሲሰጥ አንድ ሳህን ሞልቼ በሠራተኛዬ ላክሁላቸው። ሳህኑ ወዲያው እንደሞላ ተመለሰ። ከፕሪሞቹ መሐል ግን ሥጋው በደንብ ተግጦ ዘሩ ብቻ የቀረ አንድ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ገና አልበሰለም፤ መልቀም እንኳ አታውቅም በያት› አሉኝ።»